ወደ ጎን የሚያደላ ፒክአፕ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤና በኩል፣ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ፒክአፕ ያለው ባለንብረት አስቀድሞ የሚያዘው አላይመንትን፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫና ዘንበልታ የማስተካከል ሥራን ነው፤ የጎማ ነፋስ ማስለካት ርካሽ በመሆኑ ለክብሩ የሚመጥን አይመስለውም። መንገድ የዝናብ ውሃ እንዲፈስ ወደ ዳር ዘቅዘቅ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማዘንበል የጤና ነው፤ ወደ ግራ የሚጎትተው ግን ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ የነበረበት ዘመን ናፍቆት ሳይሆን፣ የግራው ጎማ ነፋስ ስላነሰው ወይም የግራው ፍሬን ሳይለቅ ስለቀረ ሊሆን ይችላል። የላላ የመሪ ዘንግ ሳይጠብቅ የተሠራ አላይመንት እስከ ቀጣዩ ጉድጓድ ብቻ የሚጸና የምስክር ወረቀት ነው። የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ ተቀያይረው ጉተታው አብሮ ከተሻገረ፣ ጥፋተኛው ጎማው ነው።