ሰባተኛ ወርዶ በወግ ለመመገብ

የዘመኑ ሼፍ ወጥ ሠሪ አይደለም፤ ሠዓሊ ነው። ይህን ሳያምኑ ገበታ እንዳይቀርቡ። ሳህኑ ሸራው ነው፣ ወጡ ቀለሙ፤ እርስዎ ደግሞ ተመልካች ነዎት፣ ጠግበው ይነሡ ያለዎትም የለም። ጣልያናዊው ማሲሞ ቦቱራ፣ የሎሚ ታርት ከረዳቱ እጅ አምልጦ ቢሰባበር አልተቆጣም። እንደተሰባበረ ሳህን ላይ አሳመረውና «ውይ! የሎሚ ታርቱን ጣልኩት» ብሎ ስም አወጣለት። ሞዴና ያለው ምግብ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2018 ከዓለም አንደኛ ተባለ። እኔ እናቴ ጓዳ ድስት የደፋሁ ቀን የወጣልኝን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ይህን ጥበብ ለመቅመስ ባሕር መሻገር አይጠበቅብዎትም። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ማርከስ ሳሙኤልሰን ንግድ ባንክ ሕንፃ አናት ላይ ቤት ከፍቶልዎታል። ኪስዎ እዚያ ፎቅ ድረስ ካልወጣ፣ መርካቶ ሰባተኛ ይውረዱና ቡሌ ይጠይቁ።

ቡሌ የሆቴልና የምግብ ቤት ትራፊ ነው። በባልዲና በፌስታል ይመጣል፣ ሳፋ ላይ ይገለበጣል፣ በጉርሻ ይሸጣል። ምናሌ አይጠይቁ። በትልልቆቹ ቤቶችም እኮ የሚበሉት ሼፉ ያሰበልዎትን ነው፤ እዚህ ያሰበልዎት ከተማው ነው። መጠኑ አነሰ ብለውም አያጉረምርሙ፤ ፎቅ ላይም የሚቀርብልዎ አንድ አንድ ጉርሻ ነው፣ ያውም በትልቅ ሳህን መሀል ብቻውን።

አሁን የደረሰዎትን ጉርሻ ቀረብ አድርገው ይዩት። ትናንት ሠርግ የዋለ ሩዝ፣ ሁለት ፍሬ መኮሮኒ፣ ቀይ ወጥ የጠጣ የእንጀራ ጠርዝ። ዕድለኛ ከሆኑ አጥንት አለበት፣ አጥንቱ ላይም የሰው ጥርስ። ተቺዎች «የግል አሻራ» የሚሉት ይኸው ነው። አሻራው የማን እንደሆነ መጠየቅ ግን ነውር ነው። ከምግቡ ጋር የሚሄደው ወይን በሃይላንድ ይመጣል፤ ውሃ ነው።

ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ። ፎቶ የሚነሣው ፎቅ ላይ ነው፤ እዚህ አጠገብዎ የቆመው ተሸካሚ ጆንያውን መሬት አስደግፎ የሚበላው ሌላ ጭነት ሳይቀድመው ነው። ስለ ጣዕሙ ጥልቀት ሊያወያዩት አይሞክሩ።

ቦቱራ እ.ኤ.አ. በ2015 ሚላኖ ላይ፣ ከዓለም አቀፉ ኤክስፖ የተረፈውን ምግብ ለችግረኞች የሚያበስል አዳራሽ ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ ከካሪታስ ጋር ከፍቶ ነበር። ስመ ጥር ሼፎች ተራ ገብተው አበሰሉ፣ ዓለምም አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር የእሱ ትራፊ ጥርስ ያልነካው ነበር፤ በጥበብ ድፍረት ሰባተኛ ትበልጠዋለች።

ተሸካሚው ሁለተኛ ጉርሻ ሊገዛ ነው።

«ማዘር፣ እስቲ ከአጥንቱ።»

«የደረሰህን ብላ ልጄ፣ ዛሬ አጥንት አልመጣም።»

እንግዲህ ትልቅ ሆቴል የተጋበዙ ቀን አጥንቱን ሙልጭ አድርገው እንዳይግጡት። ትንሽ ሥጋ ይተዉበት፤ የሚጠይቅ ደንበኛ አለ።