ስለ ውስኪ አዘዋዋሪዎችና ስለ ጎርጎራ ባሕር ኃይል የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! መስማሚያ ይንሳው የሰላም ጠላት! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራው ፖስታ ቤት አጠገብ፣ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ በሙሉ ድምፅ የተስማማን፤

ከስኮትላንድ የሚጫነው ውስኪ የሰፈራችንን ጎልማሳ ደመወዝ ወር ሳይጋመስ እየጨረሰ፣ ጉበቱን እያሳረረ መሆኑን ስለ ደረስንበት፤

ይህንንም ንግድ ሳይሆን «የታጠቀ ጥቃት» ብለን ስለ ሰየምነው፤

አሜሪካ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በካሪቢያን ባሕር አንዲት ጀልባ አፈንድታ 11 ሰው ስትገድል «ዕፅ ጭነው ነበር» ማለት እንደ በቃት፣ በአራት ወር ውስጥም የሟቹ ቁጥር ከ100 ማለፉን፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የቬኔዝዌላውን ማዱሮን ከካራካስ አንሥታ ኒውዮርክ ማውረዷን ስላየን፤ በታኅሣሥ 1982 ዓ.ም. ፓናማን ስትወርም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ75 ለ20 ድምፅ ቢያወግዝ፣ የፓናማው ገዥ ኖሬጋ በዚያው ወር ተይዞ ማያሚ መወሰዱን ስለምናስታውስ፤

ይህን የመሰለ ደግ ሐሳብም ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ፦ እንግሊዝ በ1860 ዓ.ም. እስረኛ ላስፈታ ብሎ ዝሆን ሳይቀር አስከትሎ መቅደላ ወጣ። አስፈታም። ሲወርድ ግን ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያጋዙትን ብራና ጭኖ ወረደ። ጣሊያን ባርነት ላጠፋ ነው ብሎ በ1928 ዓ.ም. መጥቶ፣ ሲኒማውንና ፖስታ ቤቱን ሠርቶ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ተቀመጠ። ባርነት ክፉ አልነበረም የሚል ከመካከላችን የለም። ክፉነቱ ለመርዝ ጋዝ ፈቃድ አይሆንም ብላ ግን አገራችን ጄኔቫ ድረስ ሄዳ ጮኸች፤ የሰማት የለም። ስለዚህ መጮኽ ትተን እንዲህ ብለን አውጀናል።

አንቀጽ 1። የጎርጎራ ባሕር ኃይል ተቋቁሟል። መርከቦቹ የደንገል ታንኳዎች ናቸው። ታንኳ ሲውል ውኃ እየጠጣ ይከብዳልና ባለቤቱ አመሻሽ ላይ ወደ ዳር ጎትቶ አቁሞ ያንጠፈጥፈዋል፤ በዚህ ምክንያት ጦርነቱ የሚካሄደው ቀን ቀን ብቻ ነው። ወደ ስኮትላንድ የሚኬደው በዓባይ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በሸክም ይታለፋል። የህዳሴው ግድብ እንዴት እንደሚታለፍ በመመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 2። እስከ ዛሬ የመተማ መንገድ ፈታሽ ኬላ ላይ መኪና አስቁሞ፣ የሰሊጡን ጆንያ በብረት ወግቶ፣ ኮንትሮባንድ ቢያገኝ ሾፌሩን ለሕግ ያቀርብ ነበር። ይህ ኋላ ቀር አሠራር ቀርቷል። ከእንግዲህ መኪናው ገና ቁልቁለቱ ላይ ሳለ ከሩቅ ይመታል፤ ሰሊጥ ይሁን ሌላ ከአመዱ ይለያል። አመዱም ካልተናገረ ሾፌሩ እንዳመነ ይቆጠራል።

አንቀጽ 3። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 51 ራስን መከላከል የሚፈቅደው የታጠቀ ጥቃት ሲደርስ ነው። ጠርሙስ ትጥቅ አይደለም የሚል ካለ ቅዳሜ ማታ መጥቶ ይይ።

አንቀጽ 4። ጫትን በተመለከተ። ጫት እኛ ዘንድ ግብር የሚከፈልበት፣ ዶላር የሚያመጣ ምርት ነው። እንግሊዝ ግን በ2006 ዓ.ም. ከልክላዋለች፤ አሜሪካም በውስጡ ያለውን ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ አስቀምጣዋለች። ታዲያ ከባሕር ዳር እርጥብ ጫት ጭኖ ወደ አዘዞ የሚከንፈውን መኪና ድሮን ሊመታው ይችላል ወይ? ጠያቂው በእኛው አዋጅ እኛኑ ሊያስይዘን የተነሣ ተንኮለኛ መሆኑ ታውቋል። አይቻልም! ይህ አዋጅ የሚሠራው ከዚህ ወደዚያ ብቻ ነው፤ የጻፍነው እኛ ነንና። እንግሊዝም የራሷን ጽፋ ከመጣች በሚቀጥለው ቡና እንነጋገራለን።

አንቀጽ 5። በሌላ አገር ላይ ኃይል መጠቀምን የሚከለክለው፣ ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. ከመሥራቾቹ ጋር የፈረመችው የቻርተሩ አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4 ተሽሯል። የመሻር ሥልጣን የለንም፤ ሌሎቹም ሳይኖራቸው ስለሻሩት ይህ እንደ እንቅፋት አይታይም።

አንቀጽ 6። አዋጁ የሚጸናበት ቀን። እዚህ ላይ ከመካከላችን አንድ ጡረተኛ ጠበቃ ሲኒውን አስቀምጦ አስቸግሮናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 ጦርነት የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአሜሪካም ሕገ መንግሥት ሥልጣኑ የኮንግረሱ ነው፤ ኮንግረሱም በጀልባዎቹ ላይ ጦርነት አላወጀም። ስለዚህ ምክር ቤቱ እስኪወስን ድረስ ባለታንኳዎች ዓሣቸውን ያስግሩ።