በሞቴ፣ ይግቡ!

ሰላም የናፈቀው ሰው በየካቲት ወር ወደ አሜሪካ ይመልከት። የቅርጫት ኳስ ሊጉ የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋቾች በኮከቦች ጨዋታ ይገናኛሉ፤ ማንም ማንንም ሳያስቀይም፣ ግንባር ሳያልበው፣ ተቃቅፈው ይለያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የምሥራቁ ቡድን የምዕራቡን 211 ለ186 አሸነፈ። በዚህ ጨዋታ ታሪክ 200 ነጥብ ያለፈ ቡድን ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። በ1951 ቦስተን ላይ የተጀመረው ጨዋታ ያለቀው 111 ለ94 ነው፤ ምስኪኖቹ ሰውን መከልከል ነውር መሆኑን ገና አልሰሙም ነበር። የዛሬው ተከላካይ ግን ጨዋ ነው። እንደ ደግ ባለቤት ከበሩ ገለል ብሎ «በሞቴ፣ ይግቡ!» ይላል፤ እንግዳውም ሳያሳፍረው ገብቶ ኳሷን አስቀምጦ ይወጣል። የምዕራቡ ካርል-አንቶኒ ታውንስ በዚያ የ2024 ምሽት 50 ነጥብ አስቆጥሮ ተሸነፈ። ኮሚሽነሩ አዳም ሲልቨር ዋንጫውን ሲያስረክቡ ለአሸናፊዎቹ ብዙ ነጥብ ማስቆጠራቸውን ነገሯቸው፤ ትንሽ ዝም አሉና እንኳን ደስ አላችሁ አሉ። ደስታ ቃል ቢያሳጣቸው ነው። (አዲስ አበባ ሆኖ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለዚህ የነቃውንም ቃል አሳጥቶታል።)

ሊጉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2018 ምሥራቅና ምዕራብን ትቶ አምበሎች ቡድናቸውን እንዲመርጡ አደረገ። በ2020 ቺካጎ ላይ ለሟቹ ኮከብ ለኮቤ ብራያንት መታሰቢያ የመጨረሻው ክፍል ሰዓት ቀርቶለት፣ በመሪው ውጤት ላይ 24 ነጥብ ተጨምሮ ቀድሞ የደረሰ እንዲያሸንፍ ተደነገገ። ያን ጊዜ አንድ አደጋ ደረሰ፦ ተጫዋቾቹ መከላከል ጀመሩ! ጨዋታው 157 ለ155 ተጠናቀቀ፣ ሕዝቡም ቆሞ አየ። ደንቡ ጥቂት ዓመት ከተሞከረ በኋላ በ2024 ተነሣ፣ ምሥራቅና ምዕራብም ተመለሱ፤ 211 ነጥብም በሰላም ገባ።

ገንዘብም ተሞክሯል። በ2025 ለአሸናፊ ቡድን ተጫዋች የተመደበው 125 ሺህ ዶላር ነው። ከኮከቦቹ አንዱ ስቴፈን ከሪ በዚያ የውድድር ዘመን ደመወዙ ከ55 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ለ82 ጨዋታ ሲካፈል ሽልማቱ የአንድ ምሽት ክፍያውን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ሰውዬው ለዚህ ብሎ ጉልበቱን እንዲያደክም መጠበቅ ግፍ ነው። ደግሞስ ከ2023 ወዲህ ለታላላቆቹ ሽልማቶች ለመታጨት ቢያንስ 65 ጨዋታ መሰለፍ ግዴታ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ሠራተኛውን ሥራ ለማስገባት ሕግ ባስፈለገበት ቤት፣ በበዓል ቀን ላብ መጠየቅ ድፍረት ነው።

በዚያው በዓል የሚደረገው ዘልሎ ኳስ የመክተት (ዳንክ) ውድድርም ለድሃ ተለቋል። ማክ መክለንግ፣ ኑሮው በታችኛው ሊግ የሆነ ልጅ፣ ከ2023 እስከ 2025 ሦስቴ በተከታታይ አሸነፈ፤ በመጨረሻው መኪና ሳይቀር ዘለለ። ከዋክብቱ ዳር ተቀምጠው አጨበጨቡለት፤ ይህም ቢሆን የእጅ ሥራ ነው።

በዚያው 2025 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንዱ ጨዋታ ወደ አራት ቡድኖች ትንሽ ውድድር ተለወጠ፤ 40 ነጥብ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፍ ነበር። የፍጻሜው ጨዋታ ገና ሳይሞቅ ተቋረጠና ለአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት የስንብት ምስጋና 20 ደቂቃ ገደማ ተሰጠው። ተጫዋቾቹ ቁጭ ብለው ሰሙ። በምሽቱ እነሱን ማስቆም የቻለ አንድ ተከላካይ ቢኖር ማይክሮፎኑ ነው።