ጥርሱን ያጋጨው ድብ

ድብ ሲቆጣ መጀመሪያ የሚሰማው ግሣት አይደለም። ግሣት የፊልም ነው። እኛ የሰማነው በአፍንጫ ተገፍቶ የወጣ ትንፋሽ ነበር፤ ቀጥሎ ሁለት ደረቅ እንጨት ሲጋጭ እንደሚሰማው ያለ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ። ጥርሱን እያጋጨ ነው። ከዚያ የፊት መዳፉን አነሣና መሬቱን በጥፊ መታው፤ የረገፈው ቅጠል ተበተነ። ጋሼ በግራዬ፣ የአክስቴ ልጅ በቀኜ ቆመዋል። በእኛና በድቡ መካከል ያለው ቦታ ከሃያ እርምጃ አይበልጥም፤ ፀሐይዋም ከሸንተረሩ ጀርባ ገብታለች።

ቦታው ሸናንዶዋ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ብሔራዊ ፓርክ። ከዋሽንግተን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የአሌክሳንድሪያና የሲልቨር ስፕሪንግ አበሻ በደንብ ያውቀዋል። መስቀል ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን ቤተሰቡን ጭኖ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ ይነዳል፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። መንገዱ 105 ማይል ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የተራሮቹን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። ጋሼ ግን በመኪና መስኮት ማየት አይበቃቸውም። በወጣትነታቸው በመንገድ ቅየሳ ሥራ የሰሜኑን አገር በእግራቸው ያዳረሱ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ጉልበታቸው እያመማቸው አቀበት ይወጣሉ። "ተራራን የረገጠው እንጂ ያየው አያውቀውም" ይላሉ፤ እኔም አምናቸዋለሁ።

ስለዚህ ከአስፋልቱ ርቀን፣ የእግር መንገዱ እየሳሳ ወደሚሄድበት ሸለቆ ወረድን። እዚያ ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አውጥተናል። እሳት ማንደድ ስለማይፈቀድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዘናል። ስንቃችን የአገራችን ስንቅ ነው፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ቋንጣ፣ በቅቤ የራሰ ጭኮ። ለተራራ ከዚህ የተሻለ ምግብ አላውቅም፤ አይከብድም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል። ችግሩ ሽታው ነው። የድብ አፍንጫ ከውሻ አፍንጫ ይበልጣል፤ የቅቤና የቋንጣ ሽታ ሸለቆውን ተሻግሮ ይደርሰዋል። የፓርኩ ሕግም ይህን ያውቃል፤ ምግብና ሽታ ያለው ነገር ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ ወይ ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ ይቀመጣል፣ ወይ ከመሬት 10 ጫማ ከፍ ብሎ፣ ከግንዱም 4 ጫማ ርቆ በገመድ ይሰቀላል። የአክስቴ ልጅ ገመዱ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ቅርንጫፉን አሻግሮ ወረወረ። ጋሼ በቀያሽ ዓይናቸው ለኩና "ሳበው ልጄ፣ ገና ነው፣ ትንሽ ሳበው" አሉ። ተሰቀለ። ራታችንንም ከድንኳናችን ርቀን ነበር የበላነው።

ያ ጫካ ድሮ የሰው ቀዬ ነበር። ፓርኩ በ1935 ሲቋቋም (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች ለቀው እንዲወጡ ተደርጓል። የካብ አጥራቸው ፍርስራሽ ዛሬም በዛፎቹ መካከል ይታያል፤ ያልተገረዙ የፖም ዛፎቻቸውም አልፎ አልፎ ያፈራሉ። በዚያን ዘመን ድብ ከአካባቢው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሰው ሲወጣ ጫካው ተመለሰ፤ ከጫካው ጋር ድቡም ተመለሰ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አንዱ የካብ ፍርስራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ሰው ከመሬቱ ሲነሣ አይተው የሚያውቁ ናቸው፤ ስለ ድቡ መመለስ ሲወራ ስለተነሡት ሰዎች ዝም መባሉ ይከነክናቸዋል። እኔንም ይከነክነኛል።

ድቡ የመጣው ዕቃችንን አጥበን ስንጨርስ ነው። ከዚያ በፊት ሸናንዶዋ ውስጥ ያየኋቸው ድቦች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የሮጡ ናቸው። ጥቁር ድብ በጠባዩ ሰው ይሸሻል። ወቅቱ ደግሞ የጥጋብ ወቅት ነበር፤ የኦክ ዛፍ ፍሬ መሬቱን ሸፍኖታል። በዚያ ወቅት ድብ ለክረምቱ እንቅልፍ ስብ ለማጠራቀም በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ይበላል፤ አንድ ጎልማሳ ለስምንት ቀን የሚበቃውን መሆኑ ነው። ጫካው ማዕድ ዘርግቶለት እያለ ወደ ሰው የሚመጣበት ምክንያት አልነበረውም። ይኼኛው ግን መጣ። ገላው ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም ነው፤ ወንድ መሰለኝ። እኛን ከማየቱ በፊት ቀና ብሎ የተሰቀለውን የስንቅ ቦርሳ አየ። ከዚያ ገመዱን በዓይኑ ተከትሎ እስከታሰረበት ግንድ ድረስ ወረደ። ያን ጊዜ ሆዴ ባር ባር አለ። ይህ ድብ የተሰቀለ ቦርሳ ምን እንደያዘ፣ ገመዱም የት እንደሚበጠስ ያውቃል።

ወደ ግንዱ ሲያመራ ሦስታችንም ጎን ለጎን ቆመን ጮኽን። ዞረ። ጥርሱን ያጋጨው፣ መሬቱን የመታው ያኔ ነው። ከዚያ ጆሮውን ወደኋላ ለጥፎ ወደ እኛ ተወረወረ።

የአክስቴ ልጅ ዞር ብሎ ከኋላችን ያለውን ዛፍ ሲያይ አየሁት። ጃኬቱን ጨምድጄ ያዝኩት። ምን እንዳሰበ በኋላ ነግሮኛል፤ እኔም ባልጠይቀው አውቀው ነበር። በልጅነታችን የሰማነው የኤዞፕ ተረት ነው። ሁለት ጓደኛሞች ድብ ያጋጥማቸዋል፤ አንዱ ጓደኛውን ትቶ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ሌላው የሞተ መስሎ ይተኛል፣ ድቡም አሽትቶት ይሄዳል። ስለ ድብ ያለን ትምህርት ይህ ተረትና ዳዊት በበጎቹ ላይ የመጣውን አንበሳና ድብ የመግደሉ ታሪክ ነው። በአገራችን ድብ የለም፤ በአፍሪካ የመጨረሻዎቹ በአትላስ ተራሮች የነበሩት ናቸው፣ እነሱም በ19ኛው መቶ ዘመን እንደጠፉ ይታመናል። ስለዚህ ተረቱን የሚያርም አባት ወይም አያት አላገኘንም። ለጥቁር ድብ ሁለቱም ዘዴ አይሆንም። ጥፍሩ አጭርና ቆልማማ ነው፤ ለዛፍ የተሠራ ነው፤ ከማንኛችንም ቀድሞ ይወጣል። መሮጥም አያዋጣም፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። የሞተ መስሎ መተኛት ደግሞ ግሪዝሊ የሚባለው ዓይነት ግልገሉን ሲከላከል የሚመከር ነው፤ ጥቁር ድብ ካጠቃ ግን ፊቱን እየመቱ መታገል እንጂ መተኛት የለም። መቆም፣ ትልቅ መስሎ መታየት፣ መጮኽ፣ አለመለያየት። ተረቱ ጓደኛን ትቶ መሸሽን ሲያወግዝ እውነቱን ነው፤ የአክስቴ ልጅም ጃኬቱን ባልይዘውም ትቶን የሚወጣ ልጅ አይደለም፤ እኛንም ይዞን ሊወጣ ነበር ያሰበው።

ድቡ ስምንት እርምጃ ያህል ሲቀረው በአራት እግሩ ፍሬን ያዘ። አፈሩ እግራችን ድረስ መጣ። የትንፋሹ ክርፋት ይሸታል። ጋሼ ካፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ዘርግተው፣ ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ ጅብ ያባረሩበትን ጩኸት ለቀቁት። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ያን የሚያህል ድምፅ በደረታቸው ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔ ድስቱን በማንኪያ እደበድባለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ድንጋይ ይወረውራል። ድቡ ወደኋላ ጥቂት ሄደ፤ ደግሞ ወደ ግንዱ ዞረ።

"ጋሼ፣ ቦርሳውን እንተውለትና እንሂድ" አልኳቸው።

"አይሆንም። ዛሬ ከበላ ነገ ድንኳን ይገባል።"

"እርስዎን ቢነካብኝስ?"

"ሦስት ሆነን ቆመናል፤ አይነካንም። አንተ ድስትህን ምታ።"

መታሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላሰላሁትም፤ ጨለማው ግን ሞልቶ ነበር። በመጨረሻ ድቡ ጀርባውን ሰጥቶን ቁልቁል ወደ ወንዙ ገባ። ሁለታችን ባትሪ እያበራን ስንጮኽ የአክስቴ ልጅ ቦርሳውን አወረደ፤ ድንኳኑን እንደነገሩ ጠቅልለን ወደ አስፋልቱ አቀበቱን ጀመርን። ጋሼን መሃል አድርገን፣ ተጠጋግተን፣ ሆያ ሆዬን በሙሉ ድምፃችን እየዘፈንን።

ከሁሉ የከፋው ያ መንገድ ነው። ድቡ ተከተለን። አሁን ጥርስ አያጋጭም፣ ትንፋሹም አይሰማም፤ ባትሪውን ወደኋላ ስናዞር ሁለት ዓይን ያበራል፣ ስንሄድ ይሄዳል፣ ስንቆም ይቆማል። ዝምታው ለምን እንደከበደኝ አውቅ ነበር። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው የድብ ተመራማሪ ስቲቨን ሄሬሮና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ1900 እስከ 2009 ድረስ በሰሜን አሜሪካ በዱር የሚኖር ጥቁር ድብ 63 ሰው መግደሉን ቆጥረዋል። በመቶ ዓመት ከዐሥር 63 ሰው ማለት እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቁር ድብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንስሳ ነውና። ነገር ግን ከእነዚያ አደጋዎች አብዛኞቹ፣ 88 በመቶው፣ ድቡ ሰውን አድኖ ለመብላት የመጣባቸው ናቸው። እንዲህ የሚመጣው ድብ አይዝትም። ጥርስ የሚያጋጨው፣ መሬት የሚመታው፣ ተወርውሮ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ራሱ የተጨነቀ ነው፤ ራቁልኝ ባይ ነው። ዝም ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል የሚከተለውን ነው መፍራት። እኛን የተከተለው ለሥጋችን ይሁን ለጭኮው፣ በዚያ ጨለማ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በየጥቂት እርምጃው ሦስታችንም ፊታችንን መልሰን፣ ወደሱ አንድ ሁለት እርምጃ ገፍተን፣ ጮኽንበት። አንድ ጊዜ ባትሪውን ስናዞር ዓይኖቹ የሉም። አስፋልቱ ላይ እስክንደርስ ግን ዘፈኑን አላቋረጥንም።

በማግስቱ ጠዋት ሪፖርት ስናደርግ የፓርኩ ሬንጀር ካርታ ዘርግታ ቦታውን እንድናሳያት ጠየቀችን። ጆሮው ላይ ምልክት አለው? የለውም። ብቻውን ነው? አዎ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ ጋሼን ቀጥ ብላ አየቻቸውና "ምግቡን አግኝቷል?" አለች። ተረጎምኩላቸው።

"አንድ ፍሬ ቆሎ አልቀመሰም በላት።"

ፊቷ ሲፈታ አየሁ። የሰው ምግብ የለመደ ድብ እየደፈረ ይሄዳል፤ ሌላ ቦታ ወስደው ቢለቁት ብዙ ጊዜ ይመለሳል ወይም እዚያም የሰው ምግብ ይፈልጋል፤ ድንኳን ሰብሮ ከገባ ወይም ሰው ካቆሰለ መጨረሻው በጥይት ነው። ከእኛ በፊት እዚያ ሸለቆ ያደሩ ሰዎች ምግባቸውን መሬት ላይ ትተው እንደነበር ነገረችን። ስማቸውን አላውቅም፤ ተናድጄባቸዋለሁ፣ ዛሬም እናደዳለሁ። ጋሼ ስንመለስ መኪና ውስጥ የሐረርን ጅብ አነሡ። እዚያ ጅብ ማታ ማታ ከሰው እጅ ይበላል፤ ጅቡንና መጋቢውን ያስማማቸው የዕለት ተዕለት ልማድ ነው፤ መጋቢው ጅቦቹን በስም ይጠራል፣ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ይገኛል። ሸለቆው ውስጥ ድቡን ያበላው ሰው ግን እሑድ ማታ ቤቱ ገብቷል። ዕዳው የወደቀው በድቡና ቀጥሎ በሚመጣው መንገደኛ ላይ ነው፤ ያ መንገደኛ ልጁን ይዞ የመጣ ሰው ሊሆን ይችል ነበር።

ያ ሸለቆ ለአዳሪ ተዘጋ። ጋሼ ክረምቱን ሙሉ አላስቀመጡኝም፤ "እስቲ ደውል፣ ያ ድብ ምን ሆነ?" ነው። እኔም እደውላለሁ። በረዶው ሲገባ ድቡ እንደማንኛውም ድብ ተኝቶ ይሆናል አሉን። ጸደይ ሲመጣ ደግሞ በዚያ በኩል ሰው የቀረበ ድብ ሪፖርት እንዳልተደረገ፣ ሸለቆውም መከፈቱን ነገሩን። ጋሼ "እሰይ!" ብለው ተነሡ። በዚያው ሳምንት ድብ የማይከፍተውን ጣሳ ገዛን፤ ለሦስት ሰው ስንቅ ስለሚጠብብ ቋንጣው ይቅር ጭኮው ይግባ በሚለው ላይ የአክስቴን ልጅና ጋሼን ማስማማት የእኔ ሥራ ሆነ።