ሰርተፍኬት ያለው ደራሲ

ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ አዞ ከሚቀመጠው ሰው ግማሹ ደራሲ ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ደራሲ ጓደኛው የሚያነብለትን ይሰማል። የመጽሐፉ ርእስ አለ፣ የሽፋኑ ሥዕል ታስቧል፣ መታሰቢያነቱም ለእናት ተሰጥቷል። የጎደለው መጽሐፉ ብቻ ነው። ታዲያ «የድርሰት ሥልጠና» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ እንዴት አንሮጥ!

ድርሰት ከሰማይ ይወርዳል እንጂ በትምህርት አይገኝም የሚሉ አሉ። እነዚህ የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጡ አይመስለኝም። አቋቋሙን ለማስመስከር ጎንደር ባታ፣ ቅኔውን ለመቁጠር ዋሸራ ወይም ዋድላ እየተባለ በእግር የሚኬድበት አገር ነው ያለነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሹን ይለምናል፤ ከዚያ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ቆጠራ ይቀመጣል። የሚጀምረው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ባለቅኔ ብሎ የሚያሞካሸው የለም። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ቤት ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልተጣጣመ፣ የኔታ ያቀኑለታል፣ ሲብስም ይመልሱታል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የጎጃም ቅኔ ቤት ያሻቸው ሰው ናቸው።

የኛ ሥልጠና ግን በሰሌዳ ጀመረ። ሴራ፣ ግጭት፣ መቼት። ከደባርቅ የመጡ አንድ ጡረተኛ፣ ቤት ውስጥም ጋቢያቸውን ሳያወልቁ፣ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ግጭቱስ ከወንድሜ ጋር በድንበር አለኝ። ወረቀት ላይ እንዴት ላውርደው?»

አሠልጣኙ መልስ አላገኘም። የጠቀመን ሰሌዳውን ትቶ «በሉ የጻፋችሁትን አንብቡ» ያለ ዕለት ነው። አንዱ ጎረምሳ ብድግ አለ። ጀግናው ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሞ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ያያል። ጡረተኛው ጸጥ ብለው አዳመጡና «ይኼ ሰውዬ ሥራ የለውም?» አሉ። ተራችን ሳይደርስ ስንቶቻችን በእስክሪብቶ የየራሳችንን ጀንበር ስንሰርዝ ነበር!

ማሳተሙ ሌላ ሙያ ነው፤ የሥልጠናው ሰርተፍኬትም ስለሱ አያወራም። አብዛኛው የኛ አገር ደራሲ ወረቀት ስንት ገባ ብሎ ይጠይቃል፣ ይበደራል፣ ለማተሚያ ቤት ራሱ ይከፍላል፣ ከዚያ መጽሐፉን ተሸክሞ ለአዟሪ ያድላል። ዘመድ ደግሞ አይገዛም፤ ፈርመህ ስጠኝ ይላል።

ከኛ መካከል ረቂቁን የጨረሱት ጡረተኛው ናቸው። ገንዘቡ ሲቸግራቸው ወንድማቸው የማተሚያውን ግማሽ እከፍላለሁ ብሏል አሉ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጽሐፉ ውስጥ ድንበሩ ሁለት ክንድ ገፋ እንዲልለት።