አዋጁ ያበዛቸው የእህት ልጆች

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ምንም አልሠራም የሚሉ ሰዎች ምስጋና ቢሶች ናቸው። ሌላው ቢቀር ዘመድ አብዝቷል። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለተማሪ የሚያከራዩ ግቢዎችን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው፣ ተከራይ የሚባለው ፍጡር እየጠፋ የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ “አደራ የተሰጠኝ ያገሬ ልጅ” እየበዛ መምጣቱን ይመሰክራል። ከደሴ የመጣው የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ከነቀምት የመጣችው የፋርማሲ ተማሪ፣ ከአርባ ምንጭ የመጣው የማታ ተማሪ፣ ሁሉም የአንዲት እትዬ የእህት ልጆች ናቸው። እህትየዋ አገሩን ዞራ ወልዳለች ማለት ነው።

ዝምድናው ያለ ምክንያት አልመጣም። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አይነስ አለ። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ገንዘቡ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ይሁን አለ። ቤተሰቡ ከክፍለ አገር እየቆጠበ ለሚልክለት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ሕግ ከየት ይመጣል? ችግሩ ይህ ሁሉ የተጻፈው ለተከራይ መሆኑ ነው። አክስት ከእህቷ ልጅ ጋር ወረዳ ወርዳ ልትፈራረም ነው እንዴ? ነውር አይደለም? የእህት ልጅ ኪራይ አይከፍልም፤ ወር በገባ ማግስት “ለአስቤዛ” እያለ በእጅ ይሰጣል። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያም አይጠየቅም፤ “ለመተማመን ያህል” የስድስት ወር ያስቀምጣል። በዘመድ መካከል ደግሞ ከመተማመን በላይ ምን አለ?

እስቲ አንዱን ግቢ ገባ ብላችሁ እዩት። ከዋናው ቤት ጀርባ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ በአራቱም በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። የሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ በማርከር የተጻፈ የቤተሰብ ደንብ አለ፦ “ምጣድና ስቶቭ ክልክል ነው። እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም።” የወረዳው ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው ከአራቱ አንዱ ነው።

“ተከራይ ነህ?”

“አይ፣ የእትዬ የእህት ልጅ ነኝ።”

“እናትህ ማን ይባላሉ?”

ልጁ ወደ ማዕድ ቤቱ በር ያያል። እትዬ ሽንኩርት እየከተፉ ነው፤ ቀና አላሉም። “እኛ... እቴቴ ነው የምንላት።” ሠራተኛው ፈገግ ይላል። ቡና ይፈላል። ሦስተኛው ስኒ ላይ ሲደረስ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ዝምድናው በመንግሥት ፊት ጸንቷል።

ይህን የሚንቁ ዘመናዊ አከራዮች ደግሞ አሉ። እነሱ ሕግ አክባሪ ናቸው፤ ውል ያስመዘግባሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ ለወረዳው ነው፣ በእጅ የሚሰጠው ደግሞ ለባለቤቱ። የኪራይ ገቢ ግብር ከፍ ሲል 35 በመቶ ስለሚደርስ፣ ዋጋውን ወረቀት ላይ ዝቅ ማድረግ ለተከራይ ከማዘን የመጣ እንዳይመስላችሁ። ተማሪውም “እውነተኛውን ዋጋ ጻፉልኝ” ቢል፣ “እንግዲያው ግብሩን አንተ ክፈላ” ይባላል። ሒሳብ የተማረ ልጅ ነው፤ ወዲያው ይገባዋል።

እትዬን ግን አንፍረድባቸው። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ሲባል ሌላው ምክር ይሰማል፣ እሳቸው የሚሰሙት ማስፈራሪያ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ወርሶ፣ እስከ 300 ብር የነበረውን ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ሲቀንስ፣ የተወረሰባቸውን ቤተሰቦች ልጆች አብሮ አስተምሯል። ትምህርቱም፦ መንግሥት ቤትህን ሊቆጥር ከመጣ ምን እንዳለህ አትንገረው። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። የእህት ልጆቻቸውን ቁጥር ከዓመት ዓመት የሚያሳድገው ግን ፍርሃት ብቻ ነው ብሎ የሚምል አልተገኘም።

“ሁለት ዓመት ለተማሪ አይሆንም፤ አሥር ወር ተቀምጦ ነው የሚሄደው” የሚል መከራከሪያም አላቸው። እውነት ነው፣ ሰኔ ላይ ፈተና ያልቃል፣ ልጁ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ነገር ግን ክፍሉ ክረምቱን ይጠብቀኛል ብሎ የስድስት ወሩን ያስቀመጠ ልጅ ነሐሴ ላይ ይደወልለታል። ልጃቸው ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ክፍሉ ይፈለጋል። ይህ የአሜሪካው ልጅ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይነሳል፤ እስካሁን ቦሌ ሲያርፍ ግን ያየው የለም። ለመስከረም ክፍሉን የሚይዘው አዲስ የእህት ልጅ ነው፣ በአዲስ ዋጋ። ደላላውም ከሁለቱም ወገን የዘመድ ማገናኛ ይቀበላል።

ተማሪው ለምን እሺ ይላል ብላችሁ አትጠይቁ። አዋጁ በጸደቀበት ሰሞን ፒያሳና አራት ኪሎ ለኮሪደር ልማት እየፈረሱ ነበር፤ የተማሪ ኪስ የሚችላቸው የጓሮ ክፍሎችም አብረው ሄዱ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበው መደበኛ ተማሪ ዶርም አለው፤ የግል ኮሌጁና የማታው ተማሪ ያለው ደላላ ነው። መብቱን አንድ በአንድ የሚያውቅ የሕግ ተማሪ እንኳ፣ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም አንቀጽ አይጠቅስም፤ “እትዬ፣ እንደ እናቴ ነዎት” ይላል እንጂ። እንዲህ እያለ ዝምድናውን በገዛ አፉ ያጸድቀዋል።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ልመና አለኝ። በመስከረም ኮሌጆች ሲከፈቱ ሠራተኛ ላኩ፤ ግን ቡና የማይጠጣ ይሁን። ስለ እናት ስም ስለ አያት ስም አይጠይቅ። ልጁን ለብቻው ጠርቶ፣ ያለፈው ወር ገንዘብ በየትኛው ባንክ እንደገባ ብቻ ይጠይቀው፤ ደረሰኙንም ያሳየው። ደረሰኝ ከሌለ ጥፋተኛው ልጁ አይደለም፤ ውሉ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ እውነተኛው ዋጋ ተጽፎበት ይፈረም።