ሶፍትዌር በስንት በቅሎ ይጫናል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀረኝ ሥራ ማማረር ነው፤ እሱንም በአግባቡ እሠራዋለሁ። ጠዋት በጤፍ፣ ቀትር ላይ በማዳበሪያ፣ ማታ ደግሞ በመብራት መጥፋት አማርራለሁ። ዘንድሮ የልጅ ልጄ ኮሌጅ ገባና «አባባ፣ ላፕቶፕ ያስፈልገኛል» ሲል በስተርጅና አዲስ የምሬት መስክ ተከፈተልኝ። አንድ ፋብሪካ የሠራው፣ አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ አገር በተሻገረ ቁጥር ዋጋው የሚለዋወጠው ምን ነክቶት ነው?

ቡሬ ገበያ የሸጥነውን የበርበሬ ገንዘብ ቋጥሬ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ትሕትና አያንሰውም። «ስላይትሊ ዩዝድ ነው አባባ፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ ምንም አልተነካም» አለኝ። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ የአንድ ፈረንጅ ትምህርት ቤት የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል። የ«ኤ» ቁልፍ ፊደሉ ተፍቆ ባዶውን ቀርቷል። «ዋይ»ን ሲጫኑት «ዜድ» ይጽፋል፤ የጀርመን ነው መሰለኝ። ያልተነካው የቱ ጋ እንደሆነ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ዋጋውን ስጠይቅ ግን አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ አዲሱን በካርቶኑ እንደታሸገ ከገዛበት እምብዛም አይርቅም። «ምነው ልጄ?» ስለው «ዶላር ጨምሯል» አለኝ። «ይሄ ዕቃ'ኮ የገባው ዶላሩ ሳይጨምር ነው» ብለው «የምተካው በአዲሱ ነዋ አባባ!» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

የታሪክ መምህር ነበርኩና የላፕቶፑ የብረቱ መወደድ ብዙም አይገርመኝም። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ ይህንኑ አይተዋል። አሞሌው አፋር ምድር ላይ ሲቆረጥ ርካሽ ነው። በግመል ደጋ ወጥቶ፣ በበቅሎ ተጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ ተከፍሎበት፣ በዝናብ ሟሙቶ፣ ከሽፍታ ተርፎ ጎጃም ባሶ ገበያ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ ጨው ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር እየተወደደ እንደሚሄድ ጽፏል። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ከቻይና ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ ብሎ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ባለመርከቡ፣ ባለመኪናው፣ አስመጪው፣ አከፋፋዩ ሁሉም ቆንጥሮ ያልፋል። መንግሥት ደግሞ 15 በመቶ ቫቱን የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቀረጡንም ደምሮ ነው። በቀረጥ ላይ ግብር! አሞሌ እንኳ እንዲህ አልተበደለም።

በ1996 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ላይ ብዙ አገሮች የኮምፒውተርን ቀረጥ ወደ ዜሮ ለማውረድ ተስማምተዋል፤ ስምምነቱ ግን የዓለም ንግድ ድርጅት ነው። እኛ የአባልነት ማመልከቻ ያስገባነው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ደጅ ጥናቱ ከዚያ ጀምሮ ነው። መጽናኛ ለሚፈልግ ግን ብራዚል አለችለት። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 399 ዶላር የሚሸጠው ፕሌይስቴሽን 4 ብራዚል ሲደርስ 3,999 ሪያል ተባለ፤ ያኔ ባለው ምንዛሪ ከ1,800 ዶላር በላይ ማለት ነው። ሶኒ በታክሱ አሳበበ፤ የብራዚል ልጆችም እንደ እኔ አማረሩ።

የብሩ ነገር ለብቻው ያስለቅሳል። እኔ ሥራ ስጀምር አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሲባል አገር አበቃላት አልን። ጥቅምት 2010 ብሩ በ15 በመቶ ሲወርድ እንደገና አበቃላት አልን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ገበያው ይወስን ብሎ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። እኔም «አበቃላት» ማለቱን ተውኩት፤ ቃሉ ራሱ ዋጋ አጣ። የሱቁ ላፕቶፕ ግን ከመደርደሪያው ሳይነቃነቅ ሌሊቱን ተወደደ።

ይህን ሁሉ እሺ ልበል። ብረት ነው፤ ይከብዳል፤ ይጫናል። ሶፍትዌሩስ? እሱ በቅሎ አይፈልግ፣ ዝናብ አያሟሟው፣ ዓባይ በረሃ ላይ ጎማ አይፈነዳበት! አንዴ ከተሠራ በኋላ ሚሊዮን ጊዜ ቢገለብጡት የሚያስወጣው ወጪ ከቁጥር አይገባም። ታዲያ የእሱ ዋጋ ከአገር አገር የሚለያየው በምን ሒሳብ ነው?

በዚህ ነገር አውስትራሊያኖች ከእኔ ብሰው ምክር ቤታቸው ድረስ አማርረዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የምክር ቤቱ ኮሚቴ አፕልን፣ ማይክሮሶፍትንና አዶቢን ጠርቶ «ከአሜሪካኖቹ አብልጣችሁ የምታስከፍሉን ለምንድን ነው?» ሲል አፋጠጣቸው። የሸማቾች ማኅበራቸው ባቀረበው ስሌት የአንድ ውድ ፕሮግራም የዋጋ ልዩነት ብቻ ሰውን በአውሮፕላን አሜሪካ አድርሶ ለመመለስ ተርፎ ይበቃ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሻጩ የሚያየው ወጪውን ሳይሆን የገዢውን ኪስ ነው። አውስትራሊያዊ ይከፍላል ተብሎ ታስቧል፤ ስለዚህ ይከፍላል።

በኪስ ከሆነማ እሰየው! ታዲያ የእኔን ኪስ ምነው አያዩልኝም? ማይክሮሶፍት በ2004 እ.ኤ.አ. ለታይላንድና መሰል አገሮች ረከስ ያለ ዊንዶውስ ኤክስፒ አውጥቶ ነበር። እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከሦስት ፕሮግራም በላይ አይከፍትም፤ ድሃ ሦስት ነገር ካሰበ ይበቃዋል ተብሎ መሰለኝ። ዛሬ ዊንዶውስ 11 የቤቱ ዓይነት አሜሪካ ውስጥ 139 ዶላር ነው። መካከለኛ ደመወዝ ለሚያገኝ አሜሪካዊ የአንድ ቀን ሥራ አይሞላም። ዶላሩን በ140 ብር ብቻ ብናስበው ለእኛ 19,460 ብር ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. የመንግሥት ደመወዝ ማሻሻያ የአዲስ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ልጁ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል አንድ ወር ከሃያ አንድ ቀን ይሥራ ማለት ነው። እኩል ዋጋ የሚሉት እኩልነት ይሄ ነው!

ስለዚህ ከተማው ሁሉ በክራክ፣ ቁልፉ በተሰበረ ቅጂ፣ ይኖራል። ጫኙ ልጅ የእጁን ይቀበላል፤ የማይክሮሶፍትን ድርሻ የሚያነሳ የለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ከሚጠበቁት ሥራዎች መድቦታል። አዋጁም አለ፣ ፍላሹም አለ፤ ሁለቱ እስካሁን አልተዋወቁም። እኔ ደግሞ አትስረቅ ብዬ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የልጅ ልጄ ላፕቶፕ ሲከፍት ንስሐ አባቴን ልጥራ?

ኩባንያዎቹም መላ አገኙለት፤ መሸጥ ትተው ማከራየት ጀመሩ። አዶቢ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብዛኞቹን አዳዲስ ፕሮግራሞቹን የሚሰጠው በኪራይ ነው። ፋይልህንም ሰማይ ቤት፣ እነሱ ክላውድ በሚሉት እንድታስቀምጥ ይጋብዙሃል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ለወራት ያለ ኢንተርኔት ሲቆይ ኪራይ የከፈለ ሰው ቢኖር ኖሮ የኪራዩ ቀን ይቆምለት ነበር? ደግነቱ በብር የሚቀበል ስለሌለ ማንም አልከሰረም።

አንድ መፍትሔ ግን አገኘሁ። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ኡቡንቱ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ቀድሞ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልኩለት ነበር። ዋጋው ዜሮ ነው። ዜሮን በ2.07 አባዙት፣ በ57 አባዙት፣ በ140 አባዙት፣ ያው ዜሮ ነው። ቫት ጨምሩበት፣ ቀረጥ ጨምሩበት፣ ዓባይ በረሃን አሻግሩት፤ ያው ነው። ፍኖተ ሰላምና ኒውዮርክ አንድ ዋጋ የሚከፍሉበት ዕቃ ተገኘ ብዬ በደስታ ለልጅ ልጄ ነገርኩት።

«አባባ፣ ፓወር ግዕዝ'ኮ አይሠራበትም» አለኝ። ቢሮው ሁሉ የአማርኛ ደብዳቤ የሚጽፈው በዚያ ነው አሉ። ጓደኞቹም ፋይል የሚላላኩት በዎርድ ነው። ነፃ ነገር ሲገኝ ደግሞ ጉድለቱን የሚያወጣለት አይጠፋም።

የእኔ ፍርድ ግን ይሄ ነው። ብረቱን እንደ አሞሌው ቆጥሬ ይቅር ብያለሁ። ለሶፍትዌሩ ጌቶች ደግሞ የምለው፣ ወይ ዋጋችሁን እንደ ደመወዛችን አድርጉት፣ ወይ ደመወዛችንን እንደ ዋጋችሁ አድርጉልን። እስከዚያው በርበሬው የእኔ ነው፣ ከፋዩም እኔ ነኝ፤ ላፕቶፑ ዜሮውን ሳይጭን ደጄን አይረግጥም። ይህን ስነግረው የልጅ ልጄ «እሺ አባባ» ብሎኛል። እሺ ያለበት ፍጥነት ግን ከቶ አላማረኝም።